በጥርስ የተሰማ ሞተር

ጎረቤቴ ፈንታው ቅዳሜ ቅዳሜ ፒክአፑን ግቢው ውስጥ ይፈታል። ዘይት ይቀይራል፣ የሞተሩን ቺንጋ ያጠብቃል፣ የእኔን ቤት በጭስ ያጥናል። ስንቴ ጮኼበታለሁ መሰላችሁ! ግን አይሰማም። በጦርነቱ ጊዜ አጠገቡ ከባድ መሣሪያ ፈንድቶ ሁለቱም ጆሮዎቹ ተደፍነዋል። ከዚያ በፊት እኮ በመርሳ ከተማ መንገድ የሚያልፍን መኪና ድምፁን ብቻ ሰምቶ በሽታውን የሚናገር ሹፌር ነበር።

ሮማንን ያገባት ጆሮው ከተዘጋ በኋላ ነው። ሁለቱ የራሳቸውን መግባቢያ አበጁ። ሞተሩ ሲያንኳኳ ትከሻውን በጡጫ ትመታዋለች፤ ሲፋጭ ክንዱን በጥፍሯ ትፍቀዋለች። እሱም በዚያ ተመርቶ ይጠግናል። እንዲህ እያደረጉ ከግራና ከተማ ወደ ወልድያ ማንጎ በማመላለስ ቤታቸውን አቆሙ።

ባለፈው ወር ግን መኪናው ያልታወቀ ድምፅ አመጣ፤ ያቃስታል፣ መልሶ ያፏጫል። ሮማን በጡጫም በጥፍርም ሞከረች፣ አልሆነላትም። ፈንታው በግምት የውሃ ፓምፑን ቀየረ፣ ድምፁ ባሰበት። ሰዉ “ጆሮ የሌለው ሰው መኪና ምን ያደርግለታል? ይሽጠው!” ይል ጀመር። ወንድሙም ገዢ አመጣለት። ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለውም፤ ከሸጠው ሹፌርነቱም አብሮ መሄዱ ነው።

ገዢው በሚመጣበት ቅዳሜ ለመጨረሻ ጊዜ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን አስነሳ። ረጅሙን ካቻቢቴ አንስቶ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አደረገ። ሹፌሮች ሞተር የሚያዳምጡት እንዲህ ነው፤ እጁ ልማዱን አልረሳም። ምንም የለም። ተናደደና እጀታውን በጥርሱ ነከሰው።

ደርቆ ቀረ። ዓይኑ ፈጠጠ። እጀታውን እንደነከሰ ጫፉን ከፓምፑ ወደ ዲናሞው አዛወረና እኔን እየጠራ ሰፈሩን በጩኸት አናጋው።

“ዲናሞው ነው! ኩሽኔታው አልቋል! እትዬ ሂሩት፣ ሰማሁት እኮ!”

እኔ ሰውነቴን ወረረኝ። የፈጣሪ ሥራ! ጆሮ ተዘግቶ በአጥንት ይሰማል? አማተብኩ፣ ደግሜ አማተብኩ። ዲናሞው ሲፈታ የሚያሽከረክረው ኩሽኔታ እውነትም ተበልቷል። አዲስ ገዝቶ ሲገጥም ያ ማቃሰት ጠፋ፤ ገዢውንም ይቅርታ ብሎ መለሰው።

ሮማን ይህን ሁሉ ቆማ ስታይ ነበር። ካቻቢቴውን ወስዳ በነጠላዋ ጠረገችው። እጀታውን ለባሏ አስነከሰችው፤ ብረቱን ጉሮሮዋ ላይ አስደገፈች።

“ፈንታው” አለችው።

እንባው ዱብ ዱብ አለ። እጀታውን ከአፉ አወጣ።

“ቀጭን ነው እንዴ ድምፅሽ?” አላት። “እኔ እኮ እስከ ዛሬ ወፍራም እያደረግሁ ነበር የማስበው።”