ሙቀት ያማረረው ፖሊስ

ወደ ኢየሩሳሌም ከመምጣታችን በፊት በስደት በቆየንበት አገር፣ ፖሊስ «ገንዘብ አምጣ» ብሎ አያውቅም። ነውር ነዋ! የሚለው «ዛሬ ሙቀቱ አይጣል ነው» ነው። ይህን ሲል ቀና ብሎ ሰማዩን ያያል፤ ወረቀትህን ግን ኪሱ ከቷታል። አንተም ሰማዩን አብረኸው ታይና እጅህን ወደ ኪስህ ትሰዳለህ። በዚህ ትምህርት ከሰፈሩ ስደተኛ ሁሉ አንደኛ እኔ ነበርኩ። አዲስ መጪ ሲያዝ እጠራለሁ። «ጉሮሮዬ ደረቀ» ካለ በትንሹ ይመለሳል፤ «የልጆቼ ጉሮሮ ደረቀ» ካለ ግን ወፈር ያለ ይፈልጋል እያልኩ እተረጉምላቸዋለሁ። የሰፈሩ ነቢይ ነበርኩ ማለት ይቻላል።

ኢየሩሳሌም ከገባሁ በኋላ ነቢይነቴ ሥራ ፈታ። ቃታሞኒም በሚባል ሰፈር ቤት ተሰጠን፤ እኔም ወድቄ ተነሥቼ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። እዚህ «ሪሽዮን» ይሉታል። ፈታኙ በመጨረሻ ያሳለፈኝ መልኬን ማየት ሰልችቶት ይመስለኛል። በዚያች ሪሽዮን የዳቦ መኪና እነዳለሁ። እሷ ከሄደች ተመልሼ ደረጃ ጠራጊ ነኝ፤ ያንንም ቢሆን ጥሩ አድርጌ አልጠርግም።

አንድ የበጋ ቀን፣ ፀሐይ አናት ሲበሳ፣ ዳቦ አድዬ ስመለስ ወደ ኢትዮጵያ ጎዳና ታጠፍኩ። ደብረ ገነት ቤተ ክርስቲያን ግቢ የሚኖሩ አንድ መነኩሴ ወዳጅ አሉኝ። እኔ ቤተ እስራኤል፣ እሳቸው የኪዳነ ምሕረት አገልጋይ፤ በሃይማኖት አንገናኝም። ነገር ግን የተወለድንባቸውን መንደሮች የሚለያቸው አንድ ወንዝ ነው፤ ያን ወንዝ አብሮኝ የሚያማ ሌላ ሰው ደግሞ በከተማው የለም። የተረፈ ዳቦ ላደርስላቸው ብዬ፣ ጎዳናው ጠባብ ስለሆነ፣ መኪናዋን ግማሽ ጎኗን እግረኛ መንገዱ ላይ አወጣኋት። በሩን ሳላንኳኳ አንድ ወጣት ፖሊስ ከኋላዬ ቆሟል።

ሪሽዮኔን ተቀበለኝ። አገላብጦ አየና የደረት ኪሱ ከተታት። ግንባሩን ጠረገ። ከዚያ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ።

«ምን ዓይነት ሙቀት ነው» አለ። «ከጠዋት ጀምሮ ውኃ አልቀመስኩም።»

ለካ ይህ ነገር እዚህም አለ ማለት ነው! ብሰጠው ሪሽዮኔ ትመለሳለች፤ እንጀራዬም አይነካም። ግን ከልጅነታችን ጀምሮ ስሟን እየጠራን የናፈቅናት ከተማ ውስጥ ቆሜ? እጄ በልማዷ ወደ ኪሴ ስትወርድ ተቆጣኋትና መለስኳት። ከዚያ ደረቴን ነፍቼ፣ በተሰባበረ ዕብራይስጤ፣

«ስማኝ ልጄ፣ በስደት አገር ለጠየቀኝ ሁሉ ሰጥቻለሁ። ኢየሩሳሌም ላይ ግን አልሰጥም። ከፈለግህ እሰረኝ» አልኩት።

ለካቴናው ሁለት እጆቼን ዘረጋሁለት። ዳቦው እጄ ላይ መሆኑን ረስቼዋለሁ። ልጁ እኔንም ዳቦውንም እያፈራረቀ አየና፣ አመስግኖ፣ እንዳልራበው ነገረኝ።

ጫጫታዬን ሰምተው አባ በሩን ከፈቱ። እሳቸው በዕብራይስጡ ከእኔ ይሻላሉና ፖሊሱ ግራ እንደተጋባ የሆነውን ነገራቸው። ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ሰው፣ የተጠማ ልጅ ውኃ ቢልህ ነው ይህን ሁሉ ስብከት የምታወርድበት?»

«አባ፣ እርስዎ አያውቁም፤ የሚፈልገው ውኃ አይደለም» አልኩ በሹክሹክታ።

«እንግዲያው እናየዋለና» ብለው ገብተው በጣሳ ውኃ ይዘው መጡ።

ልጁ ቆሞ ጭልጥ አደረገው። ጣሳውን መልሶ ድገሙኝ አለ። እኔ ጉሮሮው ከፍ ዝቅ ሲል እያየሁ፣ አሁን ዋናውን ነገር ያመጣዋል እያልኩ እጠብቃለሁ። አላመጣም። አፉን ጠርጎ ሪሽዮኔን ከደረቱ አወጣና እጄ ላይ አኖራት። እፎይ ብዬ ሳልጨርስ ብዕሩን መዘዘና፣ ስለ መኪናዬ አቋቋም፣ የቅጣት ወረቀት ጽፎ ደረበልኝ።

ውኃችንን ጠጥቶ ሲያበቃ! ብለው አባ ተቆጡ። እኔ ግን ደስታዬን የት ላድርገው። በዕድሜዬ ስንት ፖሊስ ስቀልብ ኖሬ፣ አንዱም እንኳ ደረሰኝ ሰጥቶኝ አያውቅም። ፖስታ ቤት ሄጄ ቅጣቱን ስከፍል ጥርሴ አልከደን ስላለ፣ ገንዘብ ተቀባይዋ ወረቀቱ የእኔ መሆኑን ደግማ ጠየቀችኝ።

ከዚያ ወዲህ አባ በሩን የሚከፍቱልኝ ጣሳውን ይዘው ነው። «በል፣ ጉቦህን ተቀበል» ይሉኛል። እኔም መጀመሪያ ሰማዩን አያለሁ፤ ቀጥሎ ግራ ቀኝ አይቼ እቀበላለሁ።