የእናቴ ጋን በሰው ቤት

የከተማዪቱን ስም አልጽፍም። የዚያን ትልቅ ባለሥልጣን አገር የሚያውቅ ያውቃታል፤ የማያውቅም ምንም አልቀረበት። ከጎንደር ተነስተን የደባርቅን መንገድ ስንይዝ ጉም ወርዶ ነበር። የገብሱ ማሳ ከግራም ከቀኝም ብቅ ይላል፣ ይጠፋል። በሕልሜ ይሁን በውኔ ሳይለይልኝ ደረስን።

መኪናዋን የምትነዳው የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። ባለሥልጣኑ የተወለደበትን ቤት ማየት የፈለገችው እርሷ ናት። እኔ ከተማዪቱ ገና መንደር ሳለች ዳሯ ላይ እንዳደግሁ ታውቃለች፤ እናቴ ሸክላ ሠሪ እንደነበረች ግን አልነገርኋትም። ባደግሁበት አገር ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው፤ ሰውን በዓይኑ ይበላል ይባላል። ጎንደር ገብቼ ሆስፒታል ስቀጠር "ገበሬዎች ነን" አልሁ። እህቴም እንዲሁ ስትል ኖራ ሞተች።

ቤቱን የምታስጎበኘው የሰውየው ታላቅ እህት ናት። እኩያዬ ናትና አንቱ አልላትም። አላወቀችኝም። መደቡን አሳየችን፣ ፎቶግራፉን አሳየችን፣ ከዚያ ጥግ ላይ ወደቆመው ጋን ወሰደችን።

"ይህን እናታችን ናት በእጇ የሠራችው።"

"ጭቃ አቡክተው?" አለች የእህቴ ልጅ ተደንቃ።

"እንዴታ! ሥራ አታማርጥም ነበር።"

ያኔ እናቷን ጭቃ ነክታለች ያለ ሰው በዚያ ደጅ አያልፍም ነበር። ዛሬ ጭቃውም አማራቸው።

ቀረብ ብዬ አየሁት። በበሩ የገባው ብርሃን የጋኑ ሆድ ላይ እንደ ውሃ ይንቀሳቀሳል። አንገቱ ዙሪያ የበቆሎ ቆረቆንዳ ጥለት አለበት፤ እናቴ ጭቃው ሳይደርቅ ቆረቆንዳውን እያንከባለለች የምታወጣው። አንድ ቦታ ላይ ጥለቱ ይጣመማል። እዚያ ላይ ያንከባለልሁት እኔ ነበርሁ። የእርጥብ አፈር ሽታ ሸተተኝ፤ እናቴ ከኋላዬ የቆመች መሰለኝ። ጋኑን ያመጣን ቀን የዚህ ቤት ሰዎች ከአጥር ውጭ አስቁመው፣ እጃቸው እንዳይነካት የዋጋውን ገብስ ከሩቅ ነጠላዋ ላይ አፈሰሱላት።

ዝም ብል የእህቴ ልጅ እንደምታውቀን እንኖራለን። ብናገር ቡዳነቱን በገዛ አፌ አመጣሁት።

"እናትሽ አልሠራችውም" አልኋት። "የሠራችው የእኔ እናት ናት። ያች ከወንዝ ማዶ የነበረችው ሸክላ ሠሪ።"

ሴትዮዋ አፍጥጣ አየችኝ። ሳታስበው ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

"ምነው እቴ! ዛሬ ደግሞ ይህ ምን ይባላል?"

"እውነት ይባላል።"

"ቢሆንስ፤ አክብረን አኑረነዋል።"

"ጋኑን ነው ያከበራችሁት።"

የእህቴ ልጅ አንዴ እኔን፣ አንዴ ጋኑን አየች። "ታዲያ እኛም...?"

"አዎ፣ እኛም።"

የምትርቀኝ መስሎኝ ጠበቅሁ። ትከሻዬን ገፋ አደረገችና፣ "እስከ ዛሬ ስንቱን በላሽ ታዲያ፣ አክስቴ?" አለች።

"የሚጣፍጥ አላገኘሁም።"

በዚህ መሐል ሌሎች እንግዶች ገቡ። ሴትዮዋ መደቡን አሳየች፣ ፎቶግራፉን አሳየች፣ ጋኑ ዘንድ ስትደርስ ቆመች። እኔም ከቦታዬ አልተነቃነቅሁም።

"ይህን ጋን..." አለች፤ ጉሮሮዋን ጠረገች። ወደ እኔ ሳትዞር በአገጯ ጠቆመችኝ። "የዚህች ሴትዮ እናት ናት የሠራችው።"

"እዚህ ቤት ግን ገብታ አታውቅም" አልሁ እኔ።