እትዬ ንግሥት ለሥዕል የተኙበት ቀን

እትዬ ንግሥት ግቫት ጺዮን በሚባለው ሰፈራችን ውስጥ ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ልብስ አጣቢ ነበሩ። አሁን የልጅ ልጃቸውን ሊሂን ከትምህርት ቤት ይቀበላሉ፤ አባቷ ያሮን ከሥራ እስኪመለስ ድረስም እሳቸው ዘንድ ትቆያለች። እሳቸው በአማርኛ ያወሯታል፣ እሷ በዕብራይስጥ ትመልሳለች፤ ሁለቱም የሚያስተረጉም ፈልገው አያውቁም።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን ሊሂ ብሪስቶል የሚሉትን ትልቅ ወፍራም ወረቀት ጠቅልላ መጣች። መምህሯ ኦሪት፣ ትምህርት ተዘግቶ ልጆቹ ወደ ባሕር ከመሮጣቸው በፊት፣ ስለ ውሃ ጥንቃቄና ስለ አደጋ ጊዜ ዝግጅት ፖስተር እንዲሠሩ አዝዛቸው ነበር። ሊሂ ወረቀቱን ሳሎን ወለል ላይ ዘረጋችው። በአንዱ በኩል መዋኘት ክልክል ነው የሚለው ጥቁር ባንዲራ የተሰቀለበት ባሕር ሣለች። በሌላው በኩል ማማዱን፣ የቤቱን መጠለያ ክፍል፣ ሥላ የውሃ ጠርሙስና የእጅ ባትሪ ደረደረችበት።

ያስቸገራት መሐል ላይ ያለው ሰውዬ ነበር። ባሕሩ ዳርቻ ላይ ሳለ አዛካው፣ የሮኬት ማስጠንቀቂያው ሳይረን፣ ጮኾበት፣ የሚጠለልበት አጥቶ በሆዱ የተኛና ራሱን በእጆቹ የሸፈነ ሰው መሆን ነበረበት። ሣለች፤ እንቁራሪት መሰለ። አጥፍታ ደገመችው፤ አሁንም እንቁራሪት ሆነ። ልታለቅስ ምንም አልቀራትም።

እትዬ ንግሥት ጫማቸውን አወለቁ። ጉልበታቸውን እያባበሉ ወርደው ምንጣፉ ላይ በሆዳቸው ተኙ፤ እጆቻቸውንም ሻሻቸው ላይ አደረጉ።

«በይ ቶሎ በይ፤ የሚከብደው መነሣቱ ነው» አሏት።

ሊሂ ክንዳቸውን ጨርሳ እግራቸው ላይ ስትደርስ ያሮን በሩን ከፍቶ ገባ። የታየው እናቱ መሬት ላይ ተደፍተው፣ ልጁ አጠገባቸው ተንበርክካ ነው። የያዘውን ዕቃ ጥሎ እየሮጠ ደረሰና ትከሻቸውን ያዘ። ድምፃቸው ታፍኖ ከሥር ወጣ።

«አትነቅንቀኝ ልጄ፤ እግሬ ገና ነው።»

ያሮን እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። መጀመሪያ ተቆጣ። ከዚያ መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁ ወደ እናቱ ተጋባና ሊሂ እግሩን በስንት መከራ ጨረሰችው።

ደግፈው ሶፋው ላይ ካስቀመጧቸው በኋላ ሊሂ ዋና ይችሉ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። እትዬ ንግሥት ያን ጊዜ ለያሮን እንኳን ነግረውት የማያውቁትን አወሩ። ከጎንደር ወደ ሱዳን ሲሄዱ ገና ወጣት ነበሩ። ወንዝ ሲሻገሩ ውሃው እግራቸውን ነቅሎ ወሰዳቸው፤ ታላቅ ወንድማቸው ደርሶ በሹሩባቸው ጎትቶ አወጣቸው።

«ከላይ ሲያዩት ዝም ያለ ነበር። ከሥር ነው የያዘኝ» አሉ።

ሊሂ ይህን ከባሕሩ ሥር ልትጽፈው ፈለገች፤ አያቷም ጻፊው አሏት። ያሮን ግን ያሰበው ያን ታላቅ ወንድማቸውን ነበር። አጎቱን ደርሶን በየበዓሉ ያገኘዋል፤ ስለ ሥራና ስለ ኳስ ያወራሉ፤ ስለ ወንዝ አንድም ቀን አንሥተው አያውቁም። ስልኩን አውጥቶ አጎቱ ወደሚኖርበት ከተማ ወደ ቂርያት ጋት ደወለለትና እናቴን ስላወጣህልኝ አመሰግንሃለሁ አለው።

«እሷስ አመስግናኝ አታውቅም። ጠጉሬን ነቀልከው ብላ እስከ ሱዳን ድረስ ኩርፊያ ነበር» አሉ ጋሼ ደርሶ።

እትዬ ንግሥት ስልኩን ከልጃቸው እጅ ነጠቁ። መንቀሉን ነቅሎታል ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ ቀስ ብሎ ስለ እናታቸው፣ ስለ መንገዱና አብረዋቸው ስለ ወጡት ሰዎች ወደ ማውራት ዞረ፤ ያሮንም እራቱን ራሱ አቀረበ።

ፖስተሩ ከክፍላቸው ውጭ ኮሪደሩ ላይ ተሰቀለ። እትዬ ንግሥት ሄደው አይተው ሲመለሱ ወገቤን አሰፋችው ብለው ቅር ብሏቸው ነበር። በማግሥቱ ግን ሊሂን ሊቀበሉ ሲወርዱ የእኔን በር አንኳኩ፤ ጫማሽን አድርጊና ነይ፣ አንድ የማሳይሽ ነገር አለ አሉኝ።