የአባቴ ዶቅዶቄ ሦስተኛ ማርሽ

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የከብት ክትባት ሠራተኛ ነበር። በሀዋሳ ዙሪያ እሱ ያልረገጠው ቀበሌ አለ ብዬ አላምንም። ያን ሁሉ አገር ያዳረሰባትን አሮጌ ዶቅዶቄ መሥሪያ ቤቱ በጨረታ ሲያስወግዳት ራሱ ገዛት። ልጆች ሳለን መምጣቱን የምናውቀው በድምጿ ነበር። ከዋናው መንገድ ታጥፋ በአንደኛ እያጓራች ትገባለች፣ ከዚያ ሁለተኛ፣ ከዚያ ሦስተኛው ሲገባ ድምጿ ለስለስ ይልና እፎይ ያለች ትመስላለች። እናቴ ያኔ ድስቱን ትጥዳለች፤ እኛ ወደ በሩ እንሮጣለን።

በኋላ ሦስተኛው ማርሽ መዝለል ጀመረ። ገብቶ ገና ነዳጅ ሲሰጡት ቷ ብሎ ይለቃል፤ ሞተሩ ባዶውን ይጮኻል። አባቴ ማርሹን በእግሩ ጫን ብሎ እየያዘ ጥቂት ጊዜ ነዳት። ዓይኑ እየደከመ ሲመጣ ግን በረንዳው ጥግ አቆማት፣ በዚያው ቀረች። ወንድሞቼ «ለቆራሌ ስጧት» ይላሉ። እሱ «አይሆንም» ይላል፤ ለምን እንደማይሆን ግን አይናገርም። እኔ ምክንያቱን የማውቅ መስሎኝ ነበር። ይወዳታል፣ በቃ። ዛሬ ዓይኑ ጨርሶ አያይም፤ ጆሮው ግን ደኅና ነው። ጆሮው ደኅና እያለ፣ እንደ ድሮው በሦስተኛ ማርሽ ወደ ቤታችን ስትመጣ አንዴ እንዲሰማት ፈለግኩ።

የምሠራው እዚሁ ሀዋሳ ፒያሳ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ማሽኑ የነከሰውን ወረቀት ጎትቼ ማውጣት እችላለሁ፤ ይህ ችሎታ የማርሽ ቤቱን፣ ካምቢዮውን፣ ለመፍታት የሚበቃ መስሎኝ እንደሆነ እንጃ። መጀመሪያስ ባህል አዳራሽ አካባቢ ላለ መካኒክ አሳይቼው ነበር። አይቷት ሳቀ። «ወንድሜ፣ የዚች መለዋወጫ እኮ የለም። ባጃጅ ካለህ አምጣልኝ» አለኝ። ተናደድኩ። ሰው አባቱን የሰደቡበት ያህል ተናድጄ፣ ራሴ ፈታኋት። ጥፋቱ ማርሹን የሚገፋው ሹካ ላይ ነበር፤ ጫፉ ተበልቶ አልቋል። ቶርኖ ቤት ወስጄ በብየዳ አስሞላሁት፣ አስሞረድኩት። ቀላሉ ይህ ነበር።

ማርሾቹንና በመካከላቸው የሚገቡትን ቀጫጭን የብረት ቀለበቶች፣ ራንዴላዎቹን፣ በወጡበት ቅደም ተከተል፣ በረንዳው ላይ ማዳበሪያ አንጥፌ ደርድሬያቸው ነበር። ማንም እንዳይነካ ብዬም ለፍፌያለሁ። ነገር ግን እሮብ እሮብ የእናቴ የጸሎት እህቶች እኛ ቤት ይሰበሰባሉ። እነዚህ እናቶች ቀድመው ከደረሱ እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጥ አያውቁም፤ ያገኙትን ሥራ ይሻማሉ። ከሥራ ስመለስ መዝሙሩ ከሳሎን ይሰማል፣ በረንዳው ታጥቦ ያበራል። ማርሾቼ በአሸዋና በዱቄት ሳሙና ተፈትገው፣ ሁሉም አንድ ሳፋ ውስጥ ተደበላልቀው፣ ንጹሕ ጨርቅ ለብሰው ይጠብቁኛል። አንዷ እናት ብቅ አሉና «ምን ያህል ግራሶ ጠጥቶ ነበር፣ ልጄ! ይኸው አሁን ሰው ፊት ይቀርባል» አሉኝ።

«ጌታ ይባርክዎት» አልኳቸው። ሌላ ምን ይባላል? ከዚያ ጓሮ ዞሬ ባልዲውን በእርግጫ መታሁት።

የትኛው ራንዴላ ከየትኛው ማርሽ ኋላ እንደነበር እንግዲህ ማን ይንገረኝ? ገጣጥሜ ስዘጋው ይነክሳል። ፈትቼ በሌላ መልክ ስሞክረው አራተኛው ገብቶ አልወጣም ይላል። አንድ ቀን አንደኛና ሁለተኛ አብረው ገቡና ጎማው አልዞርም ብሎ ድርቅ አለ። ቅዳሜዎቼ በዚህ አለቁ። አባቴ ወንበሩን አስወጥቶ አጠገቤ ይቀመጣል፤ ጎማውን በእጄ ሳዞር አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጥና «ገና ነው» ይላል። ያቺን ቃል እንዴት እንደጠላኋት!

በዚያ መካከል ግን ያወራልኛል። ዝናብ መንገድ ዘግቶበት የክትባት ሳጥኑን አቅፎ ገበሬ ቤት ማደሩን። እናቴን ገና እጮኛው ሳለች ከኋላ አስቀምጦ ሐይቁ ዳር ሲነዳ፣ አንድ እግር ጫማዋ ወልቆ መቅረቱን፣ እሷም አፍራ እቤቷ እስክትደርስ አለመናገሯን። በቤታችን ይህን ያወራ ሰው አልነበረም። እውነቱን ለመናገር፣ አንዳንድ ቅዳሜ መፍቻውን ይዤ ከማዳመጥ በቀር አንድም ቡሎን አልነካሁም።

በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ጎማውን ሳዞር አባቴ «ገና ነው» አላለም። ዘይት ሞላሁ፣ አስነሳኋት፣ እስከ ዋናው መንገድ ሄጄ ተመለስኩ። አንደኛ። ሁለተኛ። ሦስተኛው ገባ፤ ያዘም። ያ የልጅነቴ ድምፅ ከሥሬ ሲወጣ እንባዬ መጣ። ነፋሱ ነው እንዳልል እንኳ ያን ያህል አልፈጠንኩም።

በሩ ላይ ስደርስ አባቴ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ ፊቱ በርቷል። እጁን ሰዶ የነዳጅ ጋኗን ዳበሳት።

«ድናለች» አለ። «በል አሁን ገዢ ፈልግላት።»

«ገዢ?»

«እስከ ዛሬ ያልሸጥኳት ሦስተኛው ስለሚዘል እኮ ነው። ዳገት ላይ ቢለቅበት ሰውዬው ምን ይሆናል? እንዲህ ያለ ዕቃ ለሰው አይሰጥም። አሁን ደኅና ናት፤ የሚሠራባት ይውሰዳት።»

ያን ሁሉ ዓመት «አይሆንም» ያለው ለዚህ ነበር። እኔ ደግሞ ናፍቆቱ የእሱ መስሎኝ ነበር። በረንዳውን አየሁት፤ ማዳበሪያው ተጠቅልሎ፣ ወንበሩ ብቻውን ቀርቶ። ቅዳሜ ሲመጣ እዚያ ምን ብዬ እቀመጣለሁ?

«አባዬ፣ ሦስተኛው አሁንም ትንሽ ይዘላል» አልኩት።

እናቴ ከውስጥ ቀና ብላ አየችኝ። አባቴ ከዋናው መንገድ እስከ በራችን ስመጣ እያንዳንዱን ማርሽ በጆሮው ሰምቶታል፤ አንዱም አልዘለለም። ወንበሩን በእጁ ፈልጎ አገኘና ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«እንግዲያው የሚመጣው ቅዳሜ እንደገና ፍታት» አለኝ። «ደግሞ አትቸኩል።»