አባቴ ጀት ሲያሳርፍ

አባቴ ሰሚት ኮንዶሚኒየም እኔ ጋ ከገባ ወዲህ በረንዳዬ የእሱ መሥሪያ ቤት ሆኗል። ወደ ቦሌ የሚወርደው አውሮፕላን አብዛኛው በኛ በኩል ነው የሚያልፈው፤ እሱም ወንበሩን አውጥቶ ለእያንዳንዱ ማርክ ይሰጣል። ይኼኛው ከፍ ብሎ መጣ፣ ያኛው ጋዙን ቶሎ ቀነሰ። ሰምተውት የሚታረሙ ይመስል! እኔ ደግሞ ቶሎ የምቆጣ ነኝ፤ ምሳው ቀረበ እኮ እያልኩ እጨቀጭቀዋለሁ። እሱ እቴ፣ ጎማው ከሕንፃዎቹ ጀርባ እስኪጠፋ አይነሳም።

በወጣትነቱ ደብረ ዘይት የጦር ጀት አብራሪ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ከሥራው ወጣና ሲኤምሲ መንገድ ላይ የመኪና መለዋወጫ እየሸጠ አሳደገኝ። ከዚያ በኋላ ጀት በእጁ ነክቶ አያውቅም፤ ሲያወራ ግን ትናንት የወረደ ነው የሚመስለው። ላም አለኝ በሰማይ እያልኩ እተርበው ነበር። ይስቃል።

አምና ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪሙ የነርቭ በሽታ ነው፣ መድኃኒቱ ያዘገየዋል እንጂ አያድነውም አለን። ስንመለስ ኢምፔሪያል ጋ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆምን። አባቴ እጁን ጭኑ ሥር ከተተና ወደ ውጭ እያየ፣ «ይኼ ሳይብስ አንዴ እንኳ ባሳርፍ» አለ። ጀት ከየት አባቴ አመጣለሁ?

የቢሮ ባልደረባዬ ነው ስለ አንድ የኮምፒውተር ጌም የነገረኝ። የጦር አውሮፕላን የሚበርበት ነው፣ ቁርጥ እውነተኛውን ነው አለኝ። ኮምፒውተሩ ነበረኝ፤ ጆይስቲክ የሚሉትን የእጅ መሪና የእግር ፔዳል ገዝቼ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ተከልኩለት። አባቴ መነጽሩን አድርጎ ጠጋ አለ። አንድ ባንድ ስክሪኑ ላይ ያሉትን ሰዓቶች በጣቱ እየነካ ስማቸውን ጠራ፤ ይኼ የከፍታ፣ ይኼ የፍጥነት፣ ይኼ የነዳጅ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ እኔም አለቀስኩ።

ደስታችን ግማሽ ሰዓት አልሞላም። የጌሙን ተኩስ ዞር ብሎ አላየውም፤ ጠላት መጣብህ ሲባል ጥሎት ወደ ማረፊያው ይዞራል። መሬት ሊነካ ሲል ተከሰከሰ። ደገመ፤ ተከሰከሰ። ከዚያ ጌሙን ይከስስ ጀመር። ይኼ ጀት ክብደት የለውም አለ። እውነተኛው ጋዝ ስትቀንሺበት እንደ ድንጋይ ነው የሚወርደው፣ ይኼ ይንሳፈፋል። ጎማው መሬት ሲነካ እንደ ኳስ ይነጥራል። የኛ አገር አየር ስስ ነው፣ ጀቱ እስኪቆም ብዙ ሜዳ ይበላል፤ ጌሙን የሠሩት ባሕር ጠረፍ ላይ ያለን መስሏቸዋል። ደግሞስ ጀት ነገሩን በወንበሩ በኩል ነው የሚነግርሽ፤ ይኼ የሳሎን ወንበር ምን ይለኛል?

የቱ እውነት የቱ ሰበብ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። የሚለው ነገር ሐሰት አልነበረም፤ ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ሌሎችም ያንኑ ሲያማርሩ አንብቤያለሁ። ግን ጀቱ መሬት ሊደርስ ሲል እጁ ሲንቀጠቀጥ፣ ጆይስቲኩ አብሮት ሲንቀጠቀጥ፣ የጀቱ አፍንጫ ወደ ጎን ሲሄድም አይቻለሁ። እሱም አይቷል። አንድም ቀን እጁን አልከሰሰም። ሦስት ወር ሙሉ በየቅዳሜው ከኋላው ቆሜ ሲከሰከስ አየሁ፤ ከማየት በቀር አንዲት ነገር ልረዳው አልቻልኩም።

አንድ እሑድ ቅዳሴ ሄዶ ሳለ የጌሙን ሴቲንግ ከፈትኩ። ለጀማሪ የተሠራ እገዛ አለው፤ ሲበራ የእጅን ስህተት እየዋጠ አውሮፕላኑን ራሱ ያቃናዋል። አበራሁት። የሰው ዕቃ እንደሰረቀ ሰው ሴቲንጉን ቶሎ ዘጋሁት።

ከምሳ በኋላ ተቀመጠ። ዞረ፣ ጎማ አወጣ፣ ጋዝ ቀነሰ። ጀቱ ወረደ፤ ነካ፤ አልነጠረም። መሃል መስመሩን ይዞ ሄደና ቆመ። እልልታዬን ለቀቅኩት፤ ፎቁ ሁሉ ሰምቷል። አባቴ ግን ዞሮ አላየኝም። ጆይስቲኩን እንደያዘ፣ አንዴ እጁን አንዴ ስክሪኑን ያያል።

«እጄ ተንቀጥቅጧል» አለ። «ጀቱ አልተንቀጠቀጠም።»

ጌሙን አሻሽለውት ይሆናል ልለው ነበር። ለአብራሪ!

«ማን ነው ያሳረፈው?» አለኝ።

«ኮምፒውተሩ ነው፣ አባዬ።»

ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ ለቁጣ መልስ አላጣም። አልተቆጣም። ቀስ ብሎ አጥፊው አለኝ፤ እገዛውን አጠፋሁት።

በመጀመሪያው ሙከራ ከማኮብኮቢያው ሳይደርስ መሬት መታ። በሁለተኛው ክንፉ ቀድሞ ነካ። በሦስተኛው ቀኝ እጁን በግራው ጨምቆ ይዞ ነበር የወረደው፤ ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ግራውም መንቀጥቀጥ ያዘው። ስክሪኑ ላይ ጭሱ እስኪጠፋ አየን። ያን ቀን ክብደት የለውም አላለም። ይነጥራልም አላለም። በቃ ዛሬ ይቅርብህ፣ ደክሞሃል አልኩት፤ ድካም እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ።

«መልሺው» አለኝ።

«ምኑን?»

«ያጠፋሽውን። አብሪልኝ።»

አበራሁለት። ጆይስቲኩን ያዝ እንኳ አላደረገውም፤ እጁን ላዩ ላይ ጣል አደረገው። ጀቱ ቀጥ ብሎ እየወረደ ሲመጣ ሁለታችንም ቁጭ ብለን አየነው።