ጀርባውን ለኳስ የሰጠው ሰው

ፓክ ጂማን ከሃያ ዓመት በላይ የከተማችን ቡድን ጎሾቹ በሜዳቸው ሲጫወቱ አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም። አንድም ጎል ግን አይቶ አያውቅም። ይህን ስናገር የሌላ ከተማ ሰው ይስቃል፤ እኛ ካሊዋንግ ውስጥ የሚስቅ የለም። አስጨፋሪ ሜዳውን አያይም። ከጎሉ ጀርባ አጥሩ ላይ በተበየደችው የብረት መቆሚያ ይወጣል፣ ጀርባውን ለኳሱ፣ ፊቱን ለእኛ ይሰጥና ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ያዘፍነናል። ከበሮው የሚመታው በእሱ እጅ ምልክት ነው፤ የምንነሳውም የምንቀመጠውም እሱ ሲለን ነው። ዞር ብሎ ኳስ ያየ አስጨፋሪ እኛ ዘንድ ሚስቱን አስቀምጦ ጎረቤት እንዳማተረ ባል ነው የሚቆጠረው።

በሌላው ቀን ጎሚስታ ነው። ከስኳር ፋብሪካው በር ፊት ለፊት፣ ከአንዲት የዋርካ ጥላ ስር ቁጭ ብሎ የብስክሌትና የሞተር ጎማ ይለጥፋል። ለሰላምታ እንኳ ቃል የሚሰስት ሰው ነው። ብረቱ ላይ ሲወጣ ያ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ እንጃ። ሚስቱ ቲናህ ግን መልስ ነበራት፤ "ሳምንቱን ሙሉ የሚዘጋኝ ለጨዋታው እያጠራቀመ ነው" ትል ነበር።

እኔ ዋርሲ እባላለሁ። ሰዉ እሱን ፓክ፣ እኔን ቡ ይለናል፤ ጋሼና እትዬ እንደማለት ነው። ከስታዲየሙ በር አጠገብ ቴምፔ የሚባለውን የአኩሪ አተር ጥፍጥፍ እጠብሳለሁ፣ ሩዝ በኦቾሎኒ ስጎ እሸጣለሁ። ጨዋታው ሲጀመር ምድጃውን ለእህቴ ትቼ እገባለሁ፤ ገበያው ጥንቅር ይበል። እኔና ቲናህ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ፣ ልክ ከብረቱ ፊት ለፊት፣ ጎን ለጎን እንደቆምን ነው ያረጀነው። እኔ እጮኻለሁ። ብናገባ እጮኻለሁ፣ ቢገባብን እጮኻለሁ፣ ዳኛው የጫማውን ማሰሪያ ሊያጠብቅ ጎንበስ ቢል እሱንም አልምረውም። ቲናህ አትጮኽም ነበር። አደጋ ሲመጣ የሻሿን ጫፍ ትነክሳለች። ሲገባብን አፏን በመዳፏ ትይዛለች። ስናገባ ደግሞ፣ ያ ሁሉ ሰው አፉን በርግዶ ሲዘል፣ እሷ ዓይኗን ትጨፍናለች።

"ምን ሆነሽ ነው የምትጨፍኚው? ጎል እኮ ነው፣ እዪው እንጂ!" አልኳት አንድ ቀን።

"አይቼዋለሁ" አለችኝ። "አሁን ለእሱ እየነገርኩት ነው።"

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። የሕዝብ ፊት ለአስጨፋሪ ምንም አይነግረውም፤ ሰው ሲያገባም ሲስትም እጁን አናቱ ላይ ነው የሚጭነው። ፓክ ጂማን ጨዋታውን የሚያየው በሚስቱ ፊት ላይ ነበር። ከጨዋታው በኋላ ደግሞ በሸንኮራ አገዳው ባቡር ሐዲድ ዳር ወደ ቤት ሲሄዱ ጎሎቹን አንድ በአንድ ትተርክለታለች። እሱ ብስክሌቱን እየገፋ "ከዚያስ? በየትኛው እግሩ?" ይላታል። ብዙ ጊዜ ከኋላቸው ሄጃለሁ። ቲናህ ኳስ ስታወራ እጇ ሁሉ ይጫወት ነበር።

አንድ ያልተዘፈነ ዘፈን አለን። ጎሾቹ ወደ ላይኛው ሊግ ያደጉ ዕለት የሚዘፈን ነው፤ ጎሽ በክረምት ሙላት ወንዝ ሲሻገር ነው የሚለው። ያወጣው ፓክ ጂማን ነው። ግጥሙን ያልያዘው የለም፤ ከዕለቱ በፊት ማንጎራጎር ግን ገድ ያበላሻል። አንድ ዓመት አንዱ ቀበጥ መንገድ ለመንገድ ሲያፏጨው ተሰማና በመጨረሻው ጨዋታ ተሸነፍን። ሰውዬው ለስንት ጊዜ በእኔ በር ማለፍ ፈርቶ በጀርባ ሲዞር ኖሯል።

ቲናህ በኩላሊቷ ታማ ሆስፒታል ስትተኛ አጠገቧ ነበርኩ። ባሏን በእጇ ጠራችውና "ያቺን ዘፈን የምታስጀምራት አንተ ነህ። ሌላ ሰው እንዳታስነካ" አለችው።

"አንቺ እያየሽ ነው የማስጀምራት" አላት።

ውድድሩ ሳይጀመር ሞተች።

እኛ ዘንድ ከደረጃው ሰው የሞተ እንደሆነ ያ የውድድር ዘመን እስኪያልቅ ቦታው ላይ ሰው አይቆምም። ስካርፉ ታጥፎ ይቀመጣል፤ ስታዲየሙ ከአፍ እስከ ገደፉ ቢሞላም ያቺን ክንድ የማትሞላ ቦታ የሚደፍር አይገኝም። ለቲናህም ይኸው ተደረገላት። ስካርፏን በየጨዋታው የማስቀምጠው እኔ ነበርኩ፤ ንፋስ እንዳይወስደው ጠጠር እጭንበት ነበር። በደንብ ያከበርናት መስሎኝ ሆዴ ደስ ይለው ነበር። ሞኝ ነኝ። እሷን ስናከብር እሱን እያሳወርነው መሆኑን አላሰብኩም፤ ሌላውም አላሰበም።

ፓክ ጂማን እንደ ድሮው ይመጣል። ያዘፍነናል፤ ሲያልቅ ብስክሌቱን እየገፋ ይወጣል። ሁልጊዜ ግን ከምድጃዬ አጠገብ ሲደርስ ይቆምና ጎንበስ ብሎ ጎማውን በጣቱ ይጫናል። መጀመሪያ ጎማው የተነፈሰ መስሎኝ ነበር። ጎሚስታ በተነፈሰ ጎማ ሲሄድ ማን አይቶ ያውቃል? ኋላ ስታዘብ ጆሮውን የጣለው አግዳሚዬ ላይ ተቀምጠው ቴምፔ እየበሉ ጎሎቹን የሚያወሩት ሰዎች ላይ ነው። የሚተርክለት የለውማ። ስታዲየም ውስጥ ለነበረ ሰው ጎል ማን ይነግረዋል? ሁሉም አይቷል ብሎ ነው የሚያስበው። ወሬያቸውን ሲጨርሱ ቀና ይልና በሐዲዱ ዳር ብቻውን ይሄዳል። እኔ ልተርክለት አስባለሁ፤ ግን ምን ብዬ ልጀምርለት?

ጉዱ የፈላው በሪጎሬው ቀን ነው። ጨዋታው እኩል ለእኩል ሆኖ ሊያልቅ ሲል ሪጎሬ ተሰጠን። ስታዲየሙ ጸጥ አለ። አጥቂያችን መታ፣ ኳሱ የጎሉን አግዳሚ ልሶ ወደ ሰማይ ሄደ። ሰው ሁሉ "ወይኔ!" ብሎ እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ተነሳ። ፓክ ጂማን የተነሳ ሕዝብ አየ፣ የተከፈተ አፍ አየ፣ ወደ ቲናህ ቦታ አየ፤ እዚያ የታጠፈ ስካርፍ ብቻ ነው ያለው። ከዚያ ሁለት እጁን ዘርግቶ በዚያ በነጎድጓድ ድምፁ የጎል ዘፈናችንን ለቀቀው!

ብቻውን ዘፈነ። ከበሮ የመታለት እንኳ የለም። ጥቂት ቆይቶ ድምፁ እየቀጠነ ሄዶ ተቆረጠ። መጀመሪያ ሳቅ ሆነ፤ ቀጥሎ ፉጨት።

"ፓክ ጂማን፣ ኧረ ይሂዱና ጎማዎን ይንፉ!" አለ አንዱ ከላይ።

"ማንን ነው የሚደግፉት? እንግዶቹ ከፈሉዎት እንዴ!" አለ ሌላው።

"ዝም በል አንተ ጥርስ ብቻ! አባትህ ያሳደገህ እሱ ባዘፈነው ደረጃ ላይ ነው!" ብዬ ጮኽኩበት። የእኔን ጩኸት ግን ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል። በዚያው ምሽት የሁሉም ስልክ ላይ ብቻውን ሲዘፍን የተቀረጸው ቪዲዮ ይዘዋወር ነበር።

በማግስቱ ከበሮ መቺው ጋሊህ ጓደኞቹን ይዞ ምድጃዬ ጋ መጣ። ጋሊህ ጨዋ ልጅ ነው፣ ድምፅም አለው።

"ቡ ዋርሲ፣ እኛ ፓክን ጠልተናቸው አይደለም" አለኝ። "ግን ለማደግ ጥቂት ጨዋታ ነው የቀረን። ያቺን ያልተዘፈነች ዘፈን ደግሞ በስህተት ቢያስጀምሯትስ? ገዳችንን ይዛ ነው የምትጠፋው። ከብረቱ ቢወርዱልን ነው የምንለው።"

"አንድ ጨዋታ ስጡት" አልኩ። "እኔ አለሁ።"

ምን እንዳሰብኩ ለማንም አልነገርኩም። በሚቀጥለው ጨዋታ ስካርፏን አነሳሁና ቲናህ ቦታ ላይ ራሴ ቆምኩ። ከኋላዬ ያሉት አጉረመረሙ። "ቡ፣ የሟች ቦታ እኮ ነው!" ሲሉኝ "ሟቿ የእኔ ናት፤ ዝም በሉ!" አልኳቸው። ሻሼን ለመንከስ አዘጋጀሁ፣ መዳፌንም አዘጋጀሁ። ገና ከመጀመሩ የማዕዘን ምት ተሰጠብንና ጮኽኩ። ተከላካያችን አወጣው፣ ጮኽኩ። የቅጣት ክልሉ ጠርዝ ላይ ተጫዋቻችን ተጠለፈ፣ ሻሼን ልነክስ ሳስብ ጮኼ ጨርሻለሁ። ዓመል ያወጣል ከመሐል ሲሉ እውነታቸውን ነው። ፓክ ጂማን ወደ እኔ አየት ያደርግና ቶሎ ፊቱን ያዞራል፤ የሚያውቀውን ቤት አንኳኩቶ የማያውቀው ሰው እንደከፈተለት። ዘፈኖቹ ሁሉ ዘገዩ። ስናገባም ያስጀመረው ሕዝቡ ነው፤ እሱ ተከተለ።

ሲያልቅ ሰው ወጥቶ እስኪያልቅ ጠበቀና ምድጃዬ ጋ መጣ። ጎማውን አልነካም። አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፣ ሻይ ሰጠሁት።

"ቡ ዋርሲ፣ ለምን እንዳደረግሽው ገብቶኛል" አለ። "ግን አንቺ እኮ በሁሉም ትጮኺያለሽ። እኔ ምኑን ልወቅ?"

ሳቅሁ። እሱም ትንሽ ሳቀ፤ ከዚያ ዓይኑ በእንባ ሞላ።

"ለብቻዬ ጨለማ ውስጥ የቆምኩ ነው የሚመስለኝ" አለ። "ያን ሁሉ ሕዝብ እያየሁ። ብረቱን ለጋሊህ እሰጣለሁ።"

"ዘፈኑስ? ለእሷ ቃል የገባህላት?"

"አንቺ እያየሽ ነው ያልኳት" አለ። "እያየችኝ አይደለም።"

ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ።

የመጨረሻው ጨዋታ መጣ፤ ካሸነፍን አደግን ማለት ነው። ስካርፏን እቦታዋ መልሼ ጠጠሩን ጫንኩበት፣ እኔም ወደ ጥንት ቦታዬ ተመለስኩ። ብረቱ ላይ ጋሊህ ወጣ። ፓክ ጂማን ላይኛው ደረጃ ላይ፣ ከመብራቱ ምሰሶ ስር፣ እንደማንኛውም ሰው ፊቱን ወደ ሜዳ አድርጎ ቆመ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ! አጠገቡ የቆሙት ሰዎች አፍረው ይሁን አክብረው ትንሽ ራቅ ብለውለታል። ዞር ስል አየዋለሁ፤ እጁን የት እንደሚያደርገው ጨንቆታል።

ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ከግራ በኩል ኳስ ተሻገረ፤ አጭሩ አማካያችን በግንባሩ ገጨው፣ መረቡ ተንቀጠቀጠ። ምድር ተናወጠች። እኔማ ምን ላድርግ፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮኽኩ። ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ ሲነፋ ሰው ሁሉ ወደ ብረቱ ዞረ፤ ዘፈኑን ይጠብቃል። ጋሊህ ድምፅ ማጉያውን አፉ ላይ አደረገ፣ መልሶ አወረደው።

"ይህቺ የእኔ አይደለችም" አለ። "ፓክ ጂማንን አምጡልኝ!"

ሰዉ እጅ ለእጅ እየተቀባበለ አወረደው። በአጠገቤ ሲያልፍ ፊቱ አመድ መስሏል።

"አየኸው? ጎሉን አየኸው?" አልኩት።

"ሰዉ ዘለለና ጋረደኝ" አለኝ። "በየትኛው እግሩ ነው ያገባው?"

"በግንባሩ! አድገናል ፓክ ጂማን!"

የሰማኝ አልመሰለኝም። ብረቱ ላይ ወጣ፣ እንደ ልማዱ ጀርባውን ለሜዳው ሰጠ፣ እጁን ዘረጋ። ከበሮዎቹ ቆሙ። ያ ሁሉ ሺህ ሰው እጁን እጁን አየ። ድምፁ ግን አልመጣም። ዓይኑ ቲናህ ቦታ ላይ ተተክሏል። ከሕዝቡ አንዳንዱ ማጉረምረም ጀመረ። እኔ "ዝፈን እንጂ! ምን ትጠብቃለህ!" ብዬ ልጮኽበት አፌን ከፈትኩ።

ዘጋሁት። እንዴት እንደዘጋሁት ዛሬም ይገርመኛል። ስካርፏን አልነካሁም፣ ቦታዋ ላይ አልቆምኩም። እዚያው ከአጠገቧ እንደቆምኩ፣ ቃል ሳልተነፍስ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ጨለማው ውስጥ ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ ሰማሁት፤ መጀመሪያ የሳሳ፣ ቀጥሎ ያ የምናውቀው ነጎድጓድ። ጎሹ ወንዙ ዳር ደረሰ፣ እግሩን ነከረ፤ ሕዝቡም ተቀበለው። ዓይኔን ስገልጥ እንባው በጉንጩ እየወረደ ይዘፍናል። የሚያየው ግን እኔን አልነበረም። ከእኔ ጎን ወዳለው ባዶ ቦታ ነበር የሚያየው። ያ ሁሉ ሰው ከላይም ከኋላም እየተገፋፋ ሲዘል፣ እሷን የረገጠ አንድም እግር አልነበረም።