ሦስት ውሃ

እህቴ ቦሎቄ ስትቀቅል አይቼ አላውቅም። ስታጥብ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት አይቻለሁ። ከዋዜማው ትዘፈዝፈዋለች፣ ጠዋት ያንን ውሃ ትደፋለች። አዲስ ውሃ ጨምራ ታፈላዋለች፣ ትደፋለች። በቀዝቃዛ ውሃ ታለቀልቀዋለች፣ እንደገና ታፈላዋለች፣ እንደገና ትደፋለች። በሦስተኛው ውሃ ሲበስል ደግሞ ማጥለያ ላይ ገልብጣ የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትንጠፈጠፍ ቆማ ትጠብቃለች። ሳህን ላይ የሚቀርበው ነጭ፣ ንጹሕ፣ ድርቅ ያለ ነገር ነው። ጨው ጠረጴዛው ላይ አለ፣ የፈለገ ይነስንስ። ግን ጨዉ ከላይ ተቀምጦ ያይሃል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። ስታኝከው እርጥብ ወረቀት ነው።

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። በማን እንደተናደድኩ ግን መሃል ላይ ተቀያየረብኝ፤ እሱን እናገራለሁ።

እኔ እቴቴ ነው የምላት። የሥራ ባልደረቦቿ «ሦስት ውሃ» ይሏታል። የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው የምትሠራው፣ ምድር ቤት፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በሚያልብበት ክፍል። እስከ ጉልበቷ የሚደርስ የጎማ ቦት ጫማ ታደርጋለች፣ እጇ በበረኪና ተሰነጣጥቋል። እዚያ ሕግ አለ፦ የበሽተኛ አንሶላ አንድ ውሃ አይበቃውም፣ ሁለትም አይበቃውም። ትልልቆቹ የማጠቢያ ማሽኖች ከመጡ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ እሷ ግን ማሽኑ አጥቦ የጨረሰውን መልሳ ትከተዋለች። አንድ ጊዜ የምስር ፍሬ የምታክል ነጠብጣብ አይታ የቀዶ ጥገና ክፍሉን ሙሉ ጋሪ አንሶላ ወደ ኋላ መለሰች። ሐኪሙ እጁን ታጥቦ፣ ጓንቱን አጥልቆ አርባ ደቂቃ ቆመ። ወርዶ ሲጮህባት «ታጥቦ ሲያልቅ እጠራዎታለሁ» አለችው። እስከ ዛሬ ደረጃ ላይ ሲያገኛት መንገድ ይለቅላታል።

እንዲህ ያለችውን ሰው ምግብሽ አይጣፍጥም የሚል ጀግና ቤታችን ውስጥ አልተወለደም። እናታችን የሞተችው እቴቴ አሥራ ሰባት፣ እኔ ሰባት ዓመት ሲሆነን ነው። ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሳህኑን ስታስቀምጥልኝ «እንዴት ነው?» ትላለች፣ እኔ «ይጣፍጣል» እላለሁ። አባዬም ይላል። ሠላሳ አንድ ዓመት ዓይናችንን በጨው ታጥበን ይጣፍጣል አልናት።

የእኔ ሥራ የመብራት ቆጣሪ ማንበብ ነው። በቀን ስድሳ ቤት እገባለሁ፣ ቆጣሪው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለው ጓዳው አጠገብ ነው። ስለዚህ ቦሎቄ ምን ምን ማለት እንዳለበት ከአፍንጫዬ በላይ የሚያውቅ የለም። አንዷ ጓዳ ስገባ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ሌላዋ ጓዳ ስገባ የቅመም ቅጠሉ፣ የቆጣሪውን ቁጥር ሁለት ጊዜ እስካነብ ያፈዘኛል። እሁድ እሁድ እቴቴ ቤት ለምሳ ስሄድ መንገድ ላይ ሁለት ዳቦ በልቼ ነው የምሄደው። ባለጌ ነኝ፣ አውቃለሁ።

አባዬ የሚኖረው ከእሷ ጋር ነው። ጋራዥ ውስጥ የብረት መቅረጫ ማሽን ላይ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ ከወጣ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ጡረታ ወጥቶም ቢሆን ሁልጊዜ ረፋድ ላይ «እግሬን ላፍታታ» ብሎ ይወጣል፣ ከምሳ በኋላ ይመለሳል። ማታ ጥቂት ይቀምሳል፣ ይተኛል። ጤነኛ ነበር፣ ሞላ ያለ። እቴቴም የእጄ ፍሬ ነው ብላ ትኮራበት ነበር።

ከሁለት ወር በፊት መታጠቢያ ቤት ደፍ ላይ አዳልጦት ወደቀና ዳሌው ተሰበረ። ኦፕራሲዮኑ ደኅና ሄደ። ቤት ገብቶ ወንበር ላይ ከዋለ በኋላ ግን መብላት አቆመ። አንድ ማንኪያ፣ ሁለት ማንኪያ፣ ከዚያ ሳህኑን በጣቱ ጫፍ ወደ ፊት ይገፋል። ዘጠኝ ኪሎ ቀነሰ። እርምጃ የምታለማምደው ነርስ ለብቻችን አቁማ «ካልበሉ ጡንቻ አይመጣም፣ ጡንቻ ካልመጣ ከዚህ ወንበር አይነሡም» አለችን። እቴቴ ሥጋ ሞከረች፣ ሾርባ ሞከረች፣ ሁሉንም አጥባ። ከሁሉም ይሻላል ብላ ወደ ቦሎቄው ተመለሰች።

አንድ እሁድ ሳህኑን ሲገፋ ትዕግሥቴ አለቀ።

«እቴቴ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተሻለው እወስደዋለሁ» አልኳት። «ባለቤቴ ትይዘዋለች።»

«የት ነው የምትወስደው?»

«ቤቴ።»

«እኔ ምን አጎደልኩበት?»

አፌ ላይ መጣ። አላልኩትም። አባዬ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነበር። እሷ ሳህኑን አንሥታ ጓዳ ገባች፤ ቧንቧው ሲከፈት፣ ውሃው ድስት ላይ ሲወርድ ሰማሁ። በሚቀጥለው ቀን ቦሎቄውን በአራት ውሃ እንዳጠበችው ጎረቤቷ ነገረችኝ። ደሜ ፈላ። ሰውየው ዓይናችን እያየ እየቀለጠ እሷ ታጥባለች።

የወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ባዶ ሻንጣ ይዤ ሄድኩ። እቴቴ ሻንጣውን አይታ ወደ ማጠቧ ተመለሰች። አባዬ ልብሱን ላጥፍ ስል «ተው እስቲ» አለኝ፣ ግን እምቢ ለማለት እንኳ አቅም ያነሰው ድምፅ ነበር። እሷ ከእሱ ሌላ ማንም የላትም፤ ባል አላገባችም፣ እኔን ለማሳደግ ስትል። ይህን እያወቅኩ ነው ሻንጣ ይዤ የሄድኩት። እንዲህም ሆኖ ንዴቴ አልበረደም።

በሩ ተንኳኳ። እቴቴ ከፈተች። አንድ አጭር፣ ሰፊ ሰው፣ ቅባት የነካው ሸሚዝ የለበሰ፣ በፎጣ የታሰረ ድስት ታቅፎ ቆሟል።

«ጋሼ አሉ?» አለ። «ሻለቃ መጥቷል በይልኝ።»

«የምን ሻለቃ?»

«የጋራዡ አብሳይ ነኝ። ስሜ ነው እንጂ ወታደር አይደለሁም። መውደቃቸውን የሰማነው ትናንትና ነው። ሁለት ወር ሙሉ ምሳ ሲቀሩብን ተቀይመውን መስሎን ነበር።»

«ምን ሲቀሩባችሁ?»

ሰውየው ነገሩ የገባው ያኔ ነው። ድስቱን ከአንዱ ክንዱ ወደ ሌላው አዛወረ። አባዬ ከወንበሩ ላይ ሆኖ ዓይኑን ጨፈነ።

ሻለቃ መመለስ አፍሮ ገባና ፎጣውን ፈታ። ሽታው ቤቱን ሞላው። ቦሎቄ ነው፤ ያው ነጩ ቦሎቄ። ግን በራሱ መረቅ ውስጥ የተኛ፣ መረቁ ወፍሮ ማንኪያ የሚይዝ። እቴቴ ራሷ ጨልፋ ሰጠችው፣ ከፊቱ ቆማ እጇን አጣምራ። አባዬ መጀመሪያ አላነሣም። ከዚያ አነሣ። ሁለት ሳህን በላ፣ የሁለተኛውን ሥር በዳቦ ጠረገው። ከወደቀ ወዲህ እንደዚያ ሲበላ አላየሁትም፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ ግን የእቴቴን ፊት እያየሁ ደስታ ከየት ይምጣ።

«ስንት ዓመት?» አለችው።

«ልጄ...»

«ስንት ዓመት አባዬ?»

«ሥራ ላይ እያለሁም። ከዚያም በኋላ።»

«አሥራ አንድ ዓመት እግሬን ላፍታታ ያልከው?»

ወደ እኔ ዞረች። እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ነበር።

«አንተስ?»

«መንገድ ላይ ዳቦ እበላለሁ» አልኩ።

«እዚህ ወንበር ላይ በረሃብ ሊሞት ነው እንዴ እኔን ላለማስከፋት? ሰው ልኮ ድስቱን ማስመጣት አይችልም ነበር? አንተ ደግሞ ሻንጣ ይዘህ ትመጣለህ፤ ‘እቴቴ፣ አይጣፍጥም’ ማለት ከበደህ፣ አባቴን መንጠቅ ግን አልከበደህም!»

ሻንጣውን በእግሬ ወደ ጥግ ገፋሁት። አባዬ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት።

«ለምን እንደምታጥቢው ስለማውቅ ነው» አላት።

እኔ አላውቅም ነበር፤ ከአባዬ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ሰባት ዓመቴ ነበራ። እናታችንን የገደላት ታይፎይድ ነው፤ ሐኪሙ ከቆሸሸ ምግብ ወይ ከቆሸሸ ውሃ ነው ብሎ ሄደ። በዚያ ሳምንት ምግብ ያበሰለችው እቴቴ ነበረች። ማንም አንቺ ነሽ አላላትም፣ ማንም አንቺ አይደለሽም አላላትም። በወሩ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ተቀጠረች፣ በሽታ በሦስት ውሃ እንደሚለቅ እዚያ ተማረች፣ ትምህርቱን ይዛ ወደ ድስቱ መጣች። እኔ ሰነፍ አብሳይ ናት ብዬ ስናደድባት የኖርኩት፣ ሁላችንም እንዳንሞትባት ስታጥብ ነው። አባዬ ያውቃል፣ ግን እሱም አንድ ቀን ቁጭ አድርጎ «አንቺ አይደለሽም» ከሚላት ጋራዥ ሄዶ መብላት ቀለለው። ንዴቴ የዞረው እዚህ ላይ ነው። በእሱ ተናደድኩ፣ ከእሱ ይበልጥ በራሴ።

እቴቴ አላለቀሰችም። ፎጣዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወረወረችና ሻለቃን «አሳየኝ» አለችው።

«ምኑን?»

«ምን እንደምታደርገው። ከመጀመሪያው።»

ሰኞ ከሥራ እንደወጣች፣ ቦት ጫማዋን ሳታወልቅ ጋራዥ ሄደች። እኔም ተከተልኩ። ሻለቃ የሚያበስለው ከመኪና ማንሻው ጀርባ፣ በሁለት በርሜል መሃል ነው። የምርመራ ክፍል እንደገባች ዓይነት ድስቱን ከውስጥም ከውጭም አየችው። ንጹሕ ነበር፣ ያም አናደዳት።

«ስዘፈዝፍ ውሃው ላይ ጨው አደርጋለሁ» አላት። «ሌሊቱን ጨዉ ወደ ውስጥ ይገባል። ያንን ውሃ ደፍተሽ አለቅልቂው፣ ከልካይ የለሽም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ በኋላ አንድም ጠብታ አይደፋም። ጣዕሙ ያለው እዚያ ነው። ሽንኩርት ለሁለት እከፍልና ፊቱን ደረቅ መጥበሻ ላይ አሳርሬ እከታለሁ። አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት ከነልጣጩ። ቅጠል ካለ ቅጠል። በደንብ ካፈላሁት በኋላ እሳቱን እቀንሳለሁ። ቲማቲምና ሎሚ ከበሰለ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ድንጋይ ሆኖ ይቀርብሻል። ሲያልቅም ቶሎ አላወጣውም፣ በራሱ መረቅ ውስጥ ይቀዝቅዝ።»

«ቆሻሻውስ?»

«የቱ ቆሻሻ እህቴ? ሁለት ሰዓት ሙሉ የፈላ ነገር ላይ የቱ በሽታ ይቆማል?»

እቴቴ ይህን የሚያውቁ ሐኪሞች መሃል ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርታለች። የጠየቀችው ግን ሻለቃን ነው።

ረቡዕ ጠራችን። ስደርስ ድስቱ ፈልቶ ነበር፣ እሷ በሁለት እጇ ይዛው መታጠቢያው ላይ ቆማለች። ማጥለያው ከሥር ተቀምጧል። ድስቱ ዘንበል ብሏል፣ ከጠርዙ ትንሽ መረቅ ወርዷል። ልይዝላት ስል «አትንካኝ» አለች። ምን ያህል እንደቆመች አላውቅም። መልሳ ምድጃው ላይ አስቀመጠችው፣ ማጥለያውንም ወርውራ ከቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀለችው።

ከቀዘቀዘ በኋላ የመጀመሪያውን ሳህን ራሷ በላች። እኛን ከለከለችን። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየች አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጠች፣ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ። አባዬ ከወንበሩ ሆኖ «ልጄ፣ አንቺ አይደለሽም። ያኔም አንቺ አልነበርሽም» አላት። ዞር ብላ አላየችውም። ሰዓቱ ሲሞላ ተነሥታ ለእሱ ጨለፈችለት፣ ለእኔም።

«እንዴት ነው?» አለች፣ እንደ ሁልጊዜው።

አባዬ አኘከ፣ ዋጠ፣ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ጨው ያንሰዋል» አለ።

እቴቴ ጭልፋውን አስቀመጠች።

«ይህን ለማለት ሠላሳ አንድ ዓመት ፈጀብህ?» አለችው። ጨዉን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አጋጨችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንተስ?»

«ሥሩ ትንሽ አሯል» አልኩ።

«ሻንጣህን ይዘህ ውጣልኝ» አለችኝ። «ባዶውን።»

ይህን እያለች ሳህኔ ላይ ሁለተኛ ጭልፋ ጨመረችልኝ።